ፔኒዋ ያበጠችው ከማኅተሙ ነው ወይስ ከቅቡ? ከመክፈሌ በፊት አንድ በሉኝ

ሐረግ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ካሸር ነኝ። ፔኒ፣ ማለትም የአሜሪካ አንድ ሳንቲም፣ ከእንግዲህ አይሠራም ከተባለ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ያጠራቀመውን በላስቲክ ይዞ እየመጣ ያራግፍልናል። እኔም ማታ ሒሳብ ስዘጋ ዓይኔ የገባውን በራሴ ገንዘብ ተክቼ ቤት እወስዳለሁ። ባለቤቱ ያውቃል፣ ቅር አይለውም።

አሁን ሦስት ፔኒዎች ግራ አጋብተውኛል።

የመጀመሪያዋ የ1989 ናት። ሊንከን ጉንጭ ላይና ከፊቱ ባለው ባዶ ቦታ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። እሳት ነክቶት ውሃ የቋጠረ ቆዳ ነው የሚመስለው። ቲክቶክ ላይ አንዱ እንዲህ ያለችውን ይዞ «ይህቺ በሺዎች ዶላር ትሸጣለች» ሲል ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

ሁለተኛዋ የ1998 ናት፣ ከዓመቱ ሥር ዲ አለባት። «ሊበርቲ» የሚለው ጽሑፍ ድርብ ይመስላል። ከፊደሎቹ ጎን ግራጫ መስመር አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛዋ የ1995 ናት። እሷ እንኳ ይህን ያህል አይደለችም። ፊደሎቹ ወፈር ያሉ መሰለኝና ለየብቻ አስቀመጥኳት። የተመታችበትን ከተማ የሚያመለክቱት ፊደሎች፣ ዲም ኤስም፣ የላትም።

የሥራ ባልደረባዬ ሦስቱንም ሳንቲም ወደሚመረምር ድርጅት ላኪያቸው ትለኛለች። ክፍያውን ከነፖስታው ስደምረው ከመቶ ዶላር ያልፋል። ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ትገባለች፤ መቶ ዶላር ለእኔ ቀላል አይደለም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

አቤል ዳላስ

እህት፣ የ1989ኟን ቶሎ ብለሽ ኢቤይ ላይ አውጫት። «የፋብሪካ ስህተት» ብለሽ ጻፊበት። እንዲህ ዓይነት ብዙ ተለጥፎ አይቻለሁ፣ የሚጠየቅበትም ዋጋ ደህና ነው።

የወርቅ ሠሪው ልጅ፣ ከአውሮራ

ሐረግ እህቴ፣ መቶ ዶላርሽን ያዢ። አቤል ወንድሜ፣ ኢቤይ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሻጩ የተመኘው ነው። የተሸጠበትን ማየት ከፈለግክ «የተሸጡ» የሚለውን ምረጥ። ያበጠች ፔኒ በእውነት ስንት እንደምታወጣ ያን ጊዜ ታየዋለህ።

ይህን ያህል አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገሩ የልጅነት ቤቴ ስለሆነ ነው። አባቴ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። ብር ላይ ወርቅ ሲቀባ እያየሁ ነው ያደግኩት። አሁን የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኮልፋክስ መንገድ አጠገብ ነው። ያው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ፔኒዎች ላይ ዲ የምትለዋን ፊደል ያሳርፍ የነበረው የዴንቨር ሚንት፣ ማለትም የመንግሥት ሳንቲም ፋብሪካ፣ ደጃፍ ያደርሳል። ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩትም እዚህ ነው።

አንድ ነገር ከያዝሽ ሌላው ይቀላል። ሳንቲም ላይ እንግዳ ነገር ስታዪ «ስንት ያወጣል?» ከማለትሽ በፊት «የት ደረጃ ላይ ተበላሸ?» ብለሽ ጠይቂ። ሳንቲሙን የሚመታው ብረት ማለትም ዳዩ ላይ ነው? ሲመታ ነው? ወይስ ላዩ ላይ ያለው ቅብ ነው? ሰብሳቢ ገንዘብ የሚያወጣው በአብዛኛው ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ቅቡ ላይ ያለ እንከን ግን በየከረጢቱ ሞልቷል።

ለምን ሞላ? እስከ 1982 ድረስ ፔኒ 95 በመቶ መዳብ ነበረች፣ 3.11 ግራም ትመዝናለች። መዳብ ሲወደድ በዚያው ዓመት ውስጥ ወደ ዚንክ ተቀየረች። ከዚያ ወዲህ ያለችው 97.5 በመቶ ዚንክ ናት፣ ክብደቷም 2.5 ግራም ወርዷል። መዳቡ ላይዋን ብቻ ነው የሚሸፍናት። ውፍረቱም ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ያነሰ ነው። ፔኒ ይሠራ በነበረ ጊዜ ዚንኩ መጀመሪያ እንደ አንሶላ ተዳምጦ በክብ በክቡ ይቆረጥ፣ በኤሌክትሪክ መዳብ ይቀባ፣ ተቀብቶ ያለቀው ክብ ወደ ሚንት ይላክ፣ በመጨረሻ ይመታ ነበር። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። ቅብ ይቀድማል፣ ምት ይከተላል። አባቴ ቀለበቱን አስጊጦ ከጨረሰ በኋላ ነበር የሚቀባው። ፔኒ ግን ቅቧን ለብሳ ነው ያን ሁሉ ቶን ጫና የምትቀበለው። ያቺ ስስ መዳብ ትለጠጣለች፣ ትሳሳለች፣ አንዳንዴም ትቀደዳለች።

አሁን ወደ 1989ኟ። ቅብ የሚይዘው ሥሩ ንጹሕ ሲሆን ነው። አባቴ የታጠበ ዕቃ በጣት እንድንነካ አይፈቅድልንም ነበር። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ላይ ወርቁ የተቀባ ይመስላል እንጂ አይያዝም፤ ውሎ አድሮ ይነሳል። ዚንኩ ላይም ቆሻሻ ወይም ጋዝ ከቀረ መዳቡ እዚያ ቦታ ላይ ከሥሩ ጋር አይጣበቅም። ሲመታ ይሞቃል፣ የታፈነው ጋዝ ይገፋል፣ መዳቡም ወደ ላይ ያብጣል። አንዳንዴ እብጠቱ ክብ ሳይሆን ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። በተለይ በ1980ዎቹ፣ ሥራው ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ እጅግ የተለመደ ነው።

ራስሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ዋጋ እንደሌላት እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው ይህን የምልሽ እንጂ ሌላ ሳንቲም ላይ አትሞክሪው። ስቴኪኒ ውሰጂና እብጠቱን በጫፉ ቀስ ብለሽ ተጫኚው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይሰረጉዳል። ዳዩ ተሰንጥቆ ወይም ተሸርፎ የመጣ ጉብታ ቢሆን ግን ድፍን ብረት ነው፣ አይነቃነቅም። ዳይ ሲሰነጠቅ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ የወጣ ቀጭን መስመር ይተዋል። ከዚያው ዳይ የተመቱ ሌሎች ሳንቲሞች ላይም ያው መስመር ያው ቦታ ላይ ይገኛል። እብጠት ግን ሁለት ሳንቲም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይመጣም።

1998 ዲ ደግሞ ቅቡ የተቀደደባት ናት። ዳዩ ሲያርፍ ብረቱ ወደ ፊደሎቹ ጎድጓዳ ይሮጣል። መዳቡ ያን ያህል መለጠጥ አይችልምና ፊደሉ እግር ሥር ይሰነጠቃል። የምታዪው ግራጫ መስመር ሁለተኛ ፊደል አይደለም። የተራቆተው ዚንክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጠርዙ ባለው የፊደል ጎን ይብሳል። ማጉያ መነጽር ካለሽ አሥር ጊዜ የሚያጎላው ይበቃል። ቀለሙን ተመልከቺ። መስመሩ ከመዳቡ ቀለም ከተለየ ቅብ ነው፣ አለቀ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሦስተኛ ነገርም አለ። ዳዩ በደንብ ካልታሰረ በምቱ መጨረሻ ላይ ይንሸራተትና የፊደሉን ጎን ይልጠዋል። ጎኑ ላይ ጠፍጣፋ ደረጃ የሚመስል ነገር ይቀራል። ደረጃው ከፊደሉ ዝቅ ያለ ነው፤ የተቆረጠውም ከራሱ ከፊደሉ ስለሆነ ፊደሉ ይቀጥናል። ይህም ዋጋ የለውም።

እውነተኛው ደብል ዳይ እነዚህን ሁሉ አይመስልም። ዳዩ ራሱ ሲሠራ ምስሉ የሚታተምበት በሌላ ብረት ተጨቁኖ ነው። ድሮ ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ ይደረግ ነበር። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ትክክል ካልገጠመ ዳዩ ላይ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ ከዚያ ዳይ የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ድርብ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱም ፊደሎች ሙሉ ናቸው፣ ዓናታቸው ድቡልቡል ነው፣ ከፍታቸውም ይቀራረባል። የፊደሉ ጫፎች ላይ ለሁለት የተከፈለ ንቃቃት ታያለሽ። ፊደሉም በጠቅላላው ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም። የ1955ቷ ፔኒ ለዚህ ዝነኛዋ ናት። ዓመቱም ጽሑፉም ያለ መነጽር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ እውነተኛዋ ዛሬ ከ1,000 ዶላር በላይ ታወጣለች።

እንግዲህ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት የ1995ቷን ነው እኔ የፈለግኳት። «ፊደሎቹ ወፈር ያሉ መሰለኝ» ብለሻል። ዲ የላትም ብለሻል፣ ማለትም ፊላደልፊያ የተመታች ናት። በዚያ ዓመት ከፊላደልፊያ አንድ የታወቀ ደብል ዳይ ወጥቷል። በወቅቱ ጋዜጣ ላይ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ድርቡ ጎልቶ የሚታየው «ሊበርቲ» ላይ እና «ኢን ጎድ» ላይ ነው። እስኪ በደንብ አብሪበትና ሁለቱን ቦታ እይልኝ። ምን እንዳየሽ በቃልሽ ጻፊልኝ፣ ፎቶም ካነሳሽ መብራቱን ከጎን አድርጊ።

አቤል ዳላስ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ያልተሸጡትን ዋጋ ነበር የማየው፣ አሁን ገባኝ። አንድ ልጠይቅዎ። እኔ ጋ ከላይ እስከ ታች ብርማ የሆነች የ1977 ፔኒ አለች። ቅቡ የተረሳ ይሆን?

የወርቅ ሠሪው ልጅ፣ ከአውሮራ

አቤል፣ ዓመቱ ራሱ መልሱን ነግሮሃል። በ1977 ፔኒ ከላይ እስከ ውስጥ ያው የመዳብ ቅይጥ ነበረች፣ ቅብ የሚባል ነገር አልነበራትም። የሌለ ቅብ ሊረሳ አይችልም። ያንተዋ በኋላ ላይ የተቀባች ሳትሆን አትቀርም። አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ፔኒን ዚንክ ይቀቧታል፣ ብር ትመስላለች። ከዚያ እሳት ላይ ሲይዟት ዚንኩና መዳቡ ተዋህደው ናስ ይሆኑና ወርቅ ትመስላለች። በጣም የታወቀ የትምህርት ቤት ሙከራ ነው። ሁለቱም ዝርዝር ገንዘብ ውስጥ ገብተው ይዞራሉ።

ከ1982 በኋላ ያለች ብርማ ፔኒ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። መዳብ ሳይቀባ የተመታ ዚንክ በእውነት አለ፣ ዋጋም አለው። ችግሩ መዳቡን በአሲድ አጥቦ ማንሳት ቀላል መሆኑ ነው። የታጠበችው ፊቷ ይፈዛል፣ ፊደሎቿም የተበሉ ይመስላሉ። ሳይቀባ የተመታችው ላይ አዲስ ብረት ሲመታ የሚኖረው አንጸባራቂ ገጽ ሊቀር ይችላል። ሚዛን እዚህ ላይ ብዙም አይረዳህም፣ የመዳቡ ክብደት በጣም ትንሽ ነውና። እንዲህ ዓይነቷን ካገኘህ ለምርመራ መክፈል ተገቢ የሚሆነው ያኔ ነው።

የ1943ን ነገርም ልጨምርልህ፣ መምጣቱ አይቀርም። በጦርነቱ ምክንያት የዚያ ዓመት ፔኒ ብረት ላይ ዚንክ ተቀብቶ ነው የተሠራው። በስህተት መዳብ ላይ የተመቱት ጥቂቶች እጅግ ውድ ናቸው። ታዲያ ሰዎች ተራውን የብረቱን መዳብ ይቀቡና ይሸጡታል። ማግኔት አስጠጋበት። ከያዘው ከሥሩ ብረት ነው፣ ሻጩን ተሰናበተው።

ብሩክ ከአዲስ አበባ

ጋሼ፣ እኛም አገር 10 ሳንቲም ላይ እንዲሁ እብጠት አለ። የደጋ አጋዘኑ አጠገብ ተላጥቶ ዝገት የወጣበትን አንድ ልጅ «ስህተት ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር።

የወርቅ ሠሪው ልጅ፣ ከአውሮራ

ብሩክ፣ አትግዛው። 1969 የሚለው የድሮው 10 ሳንቲም ናስ ነው። በኋላ የመጡት ብረት ላይ ናስ የተቀቡ ናቸው። ማግኔት ካለህ ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክራቸው፣ የድሮው አይያዝም፣ አዲሱ ይያዛል። ናሱ በተሸነቆረበት በኩል እርጥበት ይገባና ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱም ቅቡን ከሥር ይገፋዋል። የአሜሪካኑ ፔኒም ቅቡ ሲቀደድ ዚንኩ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ሁለቱም ጉዳት ናቸው። ጉዳት የደረሰበትን ሳንቲም ስህተት ነው ብሎ ለልጅ መሸጥ በጣም ያናድደኛል። ልጁም ምናልባት ሌላ ሰው ሸጦለት ይሆናል። እውነቱን ንገረው፣ ገንዘቡን እንዳያባክን።

ሐረግ ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። 1989ኟን በስቴኪኒ ስጫናት እብጠቱ ስርጉድ አለ። ሊንከን ጉንጩ ላይ ጉድጓድ ቀረ። 1998ኟንም የልጄን ማጉያ መነጽር ተውሼ አየኋት፣ መስመሩ በእርግጥ ግራጫ ነው፣ መዳብ አይመስልም። ሁለቱንም ነገ ካሽ ውስጥ እመልሳቸዋለሁ።

1995ቷ ግን ልቤን አስደንግጣዋለች። ከጎን አበራሁባት። «ሊበርቲ» ላይ ኤል እና ቢ እግራቸው ጋ ለሁለት ተከፍለዋል። ትንሽ የቪ ቅርጽ ያለው ንቃቃት ነው። ሁለቱም ጠርዝ እኩል ከፍ ያለ ነው፣ ቀለማቸውም አንድ ነው። «ኢን ጎድ» ላይም እንደዚያው። ግራጫ የሚባል የለም። ኪስ ለኪስ ብዙ አልዞረችም መሰለኝ፣ ታበራለች። ትንሽ ጠቆር ያለ ነገር አለባት፣ በሎሚና በጨው ላጽዳት?

የወርቅ ሠሪው ልጅ፣ ከአውሮራ

ኧረ በፍጹም! ሎሚውን ለሰላጣሽ አውዪው። ሳንቲም በሎሚም በኮምጣጤም በጥርስ ሳሙናም አይጸዳም። ያ ስስ መዳብ የመጀመሪያ ገጹን ካጣ አይመለስም። የታጠበ ሳንቲም ደግሞ ሰብሳቢ በአንድ እይታ ነው የሚያውቀው።

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። የገለጽሽው ልክ እሷን ነው። ተከፍሎ የሚታይ የፊደል ጫፍ፣ እኩል ከፍታ፣ አንድ ቀለም፣ ድርቡም በትክክለኛው ቦታ። አሁን ኢንተርኔት ላይ «1995 ደብል ዳይ» ብለሽ ሳንቲም የሚመረምሩትን ድርጅቶች፣ የፒሲጂኤስን ወይም የኤንጂሲን፣ ፎቶ አውጪና ከሷ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። ከአንድ ዳይ ስለወጡ በትክክል መግጠም አለበት። ትንሽ ከተለየ ሌላ ነገር ነው።

ዋጋዋን ላለማጋነን፣ ቲክቶክ እንደሚለው ሺህ ዶላር አይደለችም። ብዙ ሰው ስላገኛት በገበያ ላይ በብዛት አለች። ንጹሕና ያልተነካካች ከሆነች ከ20 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ትሸጣለች። ያረጀች ከሆነች ከዚያ በታች። ለምርመራ ልከሽ የምትከፍዪው የምታወጣውን ዋጋ ሊበላው ስለሚችል አትላኪያት። ጠርዟን ይዘሽ ትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አስገቢያት፣ ወይም ሳንቲም ሻጮች የሚሸጡትን ማስቀመጫ ግዢላት። ለስላሳው ርካሽ ፕላስቲክ እየዋለ ሲያድር ሳንቲሙን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ከሱ ተጠንቀቂ። መሸጥ ካማረሽ በአካባቢሽ የሳንቲም ሱቅ ገብተሽ ከአንድ በላይ ሰው ጠይቂ።

የቀረውን ላስቲክ ስትፈትሺ ደግሞ እነዚህን ያዢ። 1983 ስታገኚ ገልብጫት። ጀርባዋ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ፣ «ዋን ሴንት» የሚለው ጭምር፣ ድርብ ከሆነ በደንብ የምትከፍል ናት። 1984 ላይ የሊንከንን ጆሮ እዪ፣ ከጆሮው ጫፍ ሥር ሌላ የጆሮ ጫፍ አለ? 1998፣ 1999 እና 2000 ላይ ደግሞ «አሜሪካ» ከሚለው ውስጥ ኤ እና ኤም እግራቸው ይነካካል ወይስ ተራርቋል? ዲም ኤስም በሌላት ተራ ፔኒ ላይ መነካካት ነበረባቸው፤ ከተራራቁ ለብቻ አስቀምጪያት። በ1992 ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ የሚፈለገው የተነካኩት ነው፣ እጅግም ብርቅ ነው።

1982ን ሁሉ መዝኚ። ወርቅ የሚመዘንበት ዓይነት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን ብዙ አያስወጣም። በዚያ ዓመት መዳቡም ዚንኩም ተሠርቷል፣ የዓመቱ ቁጥርም በትልቅና በትንሽ ተቀርጿል። ዲ ያለባት፣ ቁጥሯ ትንሹ ሆኖ ከ2.5 ይልቅ 3.1 ግራም ከመዘነች ግን ማንም ሰው እጅ ላይ ሳትጥያት መጀመሪያ እዚህ ጻፊልኝ። ለማረጋገጫ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ለእንደዚያችኛዋ ነው።